እየከፈቱ የጨረሱት ድምፅ

ኮምፒዩተር ጠጋኙን ሰፈርተኛው የሚያውቀው «ቀስ በሉ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ደንበኛ ገና የደረጃ ሥር ሱቁን በር ሳይረግጥ «ቀስ በሉ! እንዳይነቃነቅ!» ብሎ ይጮኻል። እስካሁን ሚስት ያላገባው ቀስ ሲል ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ከሰው ወሬ ይልቅ የተጎዳ ዲስክ ማዳመጥ ይቀለዋል፤ መዳፉን አሳርፎበት ንዝረቱን ይከታተላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጡረተኛ አናጢ ላፕቶፕ ታቅፎ ከነሚስቱ መጣ። ሚስትየው አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማለች። የጉሮሮ ሕመምና ቀዶ ሕክምና ድምፅዋን ከወሰዱባት ዓመት አልፏታል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሏ የቀረጸው ንግግሯ ያለው በዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው።

«መቼ ነው እምቢ ማለት የጀመረው?» አለ ጠጋኙ።

«ከርሟል። እኔም ድምፅዋ እንዳይጠፋብኝ በየቀኑ እየከፈትኩ አለ የለም ስል ነበር።»

የጠጋኙ ፊት ጠቆረ። «ጋሼ፣ እየከፈቱ እኮ ነው የጨረሱት! ዲስኩን በቆሰለ እግሩ ሲያስሮጡት ነው የከረሙት።»

ሚስትየው ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ አላልኩህም ማለቷ ነው።

ጠጋኙ በራሱ ኮምፒዩተር ባዶ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ የተባለውን የማስነሻ ሥርዓት ጫነ። «ማሽኑ የሚነሳው በዚህ ነው። የታመመው ዲስክ ላይ ምንም አንጽፍም፤ ድምፅዋን ብቻ ወደ ጤነኛ ዲስክ እንቀዳለን።»

«ታዲያ አንዴ ላዳምጣት?»

«ቀስ በሉ አልኩ እኮ! ተቀድቶ ሳያልቅ አይሆንም።»

ማሽኑ በፍላሹ ተነሳ፤ መቅዳቱም ተጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ዲስኩ ቋ፣ ቋ አለና ጸጥ አለ። ጠጋኙ ቢለው ቢሠራው አልነቃም። ተቀድቶ የተረፈውን ከፈተው፤ የሚስትየው ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር... ድምፅ ብቻ ነው እንዴ? እሺ፣ ምን ልበልህ...»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ዋናው ነገር ሁሉ የነበረው ከዚያ በኋላ ነው።

አናጢው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «በገዛ እጄ አጠፋኋት።»

ሚስትየው ግን የባሏን እጆች ከራሱ ላይ አወረደችና ድጋሚ እንዲከፍተው ለጠጋኙ በጣቷ አመለከተችው። ድምፁ ሲጀምር እሷም አብራ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ «አንተ ሰውዬ» የሚለው ላይ ጣቷን ቀሰረችበት። አናጢው እንባው እየወረደ ሳቀ።

«ምን ልበልህ» ብሎ ድምፁ ሲቋረጥ ከንፈሯ አልቆመም። ያለ ድምፅ ብዙ ተናገረች። አናጢው ዓይኑን ከአፏ ላይ ሳይነቅል አዳመጣት። ጠጋኙ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፤ እስኪጠሩትም አልተመለሰም።