ታኮማ አልሸተተንም

ባለፈው ሳምንት እንቁላል ጥጄ ረስቼው፣ ውሃው አልቆ ማረር ሲጀምር ቤቴ ታኮማ ታኮማ ሸተተ። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው «ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዛት?» እያሉ ሲሮጡ፣ እኔ ምድጃው ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሳለሁ ሲያትል ውስጥ፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። በብርዱ ወራት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን፣ አባዬ የዋሽንግተን ስቴትን ከተሞች በካርድ እየጻፈ እኔንና ሶፋችን ላይ የሚተኛውን አጎቴን ደሬን ይጠይቀን ነበር። «ዋና ከተማዋ?» ይልና፣ እኔ «ሲያትል!» ስል «ኦሎምፒያ!» ብሎ ጠረጴዛውን በደስታ ይመታ ነበር። ዋላ ዋላ በሽንኩርቷ፣ ዌናቺ በፖሟ እንደምትታወቅ በቃሉ ይዞታል። የታኮማ ካርድ «የተበላሸ እንቁላል ትሸታለች» ይል ነበር፤ እኔም በትምህርት ቤት ጉዞ ወደ ኦሎምፒያ ስንሄድ አልፌባት አረጋግጫለሁ። አባዬ ግን አንዷንም ረግጧት አያውቅም፤ ካርዱም በየት በኩል እንደምትገኝ አይናገርም።

ጸደይ ሲገባ ደሬ ኦሎምፒያ ያለች ልጅ ወደደ። አባቷ ጋሽ ሽፈራው ኮስታራ ነበሩ፤ በጋ ላይ «ሽማግሌ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይምጣ፣ ካለፈ በሬ ዝግ ነው» ብለው ላኩ። አድራሻ የጠየቀም የሰጠም የለም፤ እንደ ወጋችን «ስትደርሱ ደውሉ» ተባለ፣ አለቀ። ደሬ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀምስ አለ።

ቅዳሜው ሲደርስ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወሩ የሆነው አባዬ ጋሽ ተካንና ሐጂ ኑረዲንን ለሽምግልና አሳፍሮ ተነሳ፤ እማዬ ሥራ ስለነበረች እኔም ከኋላ ተሸጎጥኩ። «ጂፒኤስ እናድርግ?» ስለው «እሱ አገር ለማያውቅ ነው!» ብሎ ፍሪዌዩን ወደ ሰሜን ያዘው። ኦሎምፒያ ያለችው በደቡብ ነው። ጉዱ ግን፣ መንገዱ ላይ ስሟን ያየነው ከተማ ሁሉ ካርዱ ላይ ነበረች። «ኤቨረት! አውሮፕላን የሚሠራባት!» ይላል፤ ቆይቶ «ማውንት ቨርነን! የቱሊፕ አበባ አገር!» ይላል፤ ሽማግሌዎቹም «ወይ እውቀት!» እያሉ ያደንቁት ነበር።

«አባዬ፣ ታኮማ እኮ አልሸተተንም» አልኩ።

«ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ ጣልቃ አይገባም!»

ትንሽ ቆይቼ ስደግመው፣ ሐጂ «ካልሸተተ እሰየው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። በመጨረሻ «ካናዳ» የሚል ምልክት ብቅ አለ። አባዬ የካናዳ ካርድ አልነበረውም።

መኪናውን አዙረን ስንመለስ፣ ቤት የቀረው ደሬ ደጋግሞ ሲደውል የሚያነሳ ጠፋ። ታኮማ ደርሰን ያ ሽታ ከች ሲል፣ ጋሽ ተካ «ተመስገን!»፣ ሐጂም «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ኦሎምፒያ ገብተን፣ ደውለን ቤቱን ስናገኝ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጋሽ ሽፈራው በራቸውን ዘግተው ደጅ ቆመው ነበር። ጋሽ ተካ «ትራፊኩ ነው እንጂ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ሰውየው ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ንገሪኝ» አሉ። ደሬ አንጀቴን በላኝና፣ «ካናዳ ደርሰን መጣን! ታኮማ አልሸተተንም ብላቸው ማን ይስማኝ!» ብዬ አለቀስኩ። ሰውየው አባዬን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው እንባቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ለልጄ ብሎ ካናዳ ድረስ የዞረ ሽማግሌ ዛሬ አየሁ! በሉ ግቡ!»

ደሬ አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኖ ኦሎምፒያ ይኖራል፤ ልንጠይቀው ስንሄድ የምነዳው እኔ ነኝ። ስልኩ መንገዱን እየነገረን እንኳ አባዬ አያምነውም፤ ታኮማ ስንቃረብ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሸተተሽ?» ይለኛል። ሽታው እኮ ከጠፋ ቆይቷል። ያኔ እውነቱን ብነግረው አልሰማኝም ነበር፤ ዛሬ «አዎ አባዬ፣ ሸተተኝ» ብዬ ስዋሸው፣ «በቃ፣ መንገዱ ልክ ነው» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል።