በኮልፌ ሜዳ ክብደት የሆንን ጊዜ

ሠላሳ ዓመት ሾፌር ሆኜ ስሠራ አንድም ቀን መኪና አልገለበጥኩም። ጭቃ ላይ አነዳዴን ያዩ ሰዎች ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ ደሜ ይፈላል። ማንም አላስተማረኝም። በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ሜዳ ላይ እንደ ጆንያ ተጭኜ ነው የተማርኩት።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ለአንድ ጣሊያን ነጋዴ የባሕር ዛፍ እንጨት በጭነት መኪናው፣ በካሚዮኗ ላይ እንጭን ነበር። ሰውዬው እሁድ እሁድ በዚያችው ካሚዮን ከጓደኞቹ ጋር ይወዳደራል። ሜዳው ላይ በርሜሎች ይቆማሉ፤ አንዱንም ሳይነካ በመሃላቸው ተጠማዝዞ ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። ባዶ ካሚዮን ግን ጭቃ ላይ ኋላዋ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለክብደት እኛን አራታችንን ከኋላ ይጭነናል። ለምን ድንጋይ እንደማይጭን ወንድሜ አንዴ ጠይቆት ነበር።

«ድንጋይ የሚጭነውና የሚያወርደው ሰው ይፈልጋል። እናንተ ራሳችሁ ትወጣላችሁ» አለው በተሰባበረ አማርኛው። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ደግሞ መንዳት የሚችል መስሎት! ኋላዋ ሲንሸራተት ደንግጦ ፍሬን ይረግጣል፤ ይሄኔ ይብስባታል። ሁለት ጊዜ ከመገልበጥ ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ መላ ዘየደ። ጎማው መክዳት ሲጀምር እግሩ ሥር ይሰማዋል፤ «ግራ» ሲል አራታችንም ወደ ግራ እንወረወራለን፣ «ቀኝ» ሲል ወደ ቀኝ። ካሚዮኗ ቀጥ ትላለች። መኪና መቼ እንደሚያመልጥና እንዴት እንደሚመለስ፣ መሪ ሳልጨብጥ በወገቤ ያወቅኩት እዚያ ነው። ጣሊያኑም ደጋግሞ አሸነፈ። ጓደኞቹ እጁን ይጨብጡታል፤ እኛን ዞር ብሎ ያየን የለም።

አንድ እሁድ ልቡ አበጠና «ውረዱ፤ ዛሬ ቀለል ብዬ ልንዳ» አለን። ሁለተኛው በርሜል ጋ ካሚዮኗ ተሽከርክራ ቦይ ውስጥ ተጋደመች። ሰውዬው ጭረት እንኳ ሳይነካው ወጥቶ፣ ካሚዮኗን ያበላሸናት እኛ እንደሆንን ተናገረ። ወንድሜ እንዲገረፍም ዘበኞቹን አዘዘ።

ሊወስዱት ሲሉ «ጋሼ፣ ካሚዮኗን እናቃናለት የነበርነው እኛ መሆናችንን ልንገረው» አልኩ።

«ዝም በል። ካመነህ ይብሳል» አለኝ።

እውነቱን ነው። መሪ የነካ ሀበሻ ካገኘ እጁን እንደሚቆርጥ ሲዝት ሁላችንም ሰምተነዋል። ካላመነን ካሚዮኔን አበላሻችሁ፣ ካመነን ካሚዮኔን ነዳችሁ ሊለን ነው። በሰው ፊት ገረፉት።

በሚቀጥለው እሁድ አራታችንንም መልሶ ጫነን። ክብደት እንደሚያስፈልገው ገብቶታል፤ ከዚያ ያለፈ አልገባውም። ወንድሜ የጀርባው ቁስል አላስደግፍ ብሎት የካሚዮኗን ጠርዝ ጨብጦ ቆሟል። ዝም ብንል ጣሊያኑ ይገለበጣል፤ እኛም ከሥር እንሆናለን። የመጀመሪያው በርሜል ጋ ስንደርስ ጎማው ከዳ። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ «ግራ» አለን።

ወደ ግራ ሄድን። ጣሊያኑ ያን ቀን አንደኛ ወጣ።