እናትነሽን በእህል ሚዛን

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር። በአርብ ገበያ ሠላሳ ዓመት እህል መዝኛለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደሉን ከቤተ ልሔም የቆሎ ተማሪዎች አፍ እየለቀምሁ፣ ቁጥሩን ከሚዛን ላይ እያነበብሁ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ጆንያ ስንዴ ከመሬት አንሥቼ ኪሎውን ከተናገርሁ ባስኩላው የሚያደርገው የእኔን ቃል ማጽናት ነው። በታች ጋይንት ይህን የሚችል ሌላ ሰው አላየሁም። ይህን የምነግራችሁ የማን ዓይን እንደ ተሳሳተ እንድታውቁ ነው።

የባለቤቴ የእናትነሽ ሕመም የጀመረው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ሁለት ጉርሻ ትበላና ጠገብሁ ትላለች። ጾሙ ገባ። ቀሚሷ ሰፋት። ቀለበቷ ከጣቷ ወለቀ። እኔ ጾሙ ነው አልሁ። እንዲያውም በማኅበር ላይ፣ እንደ እኔ ሚስት አጥብቆ የሚጾም የለም ብዬ ኮራሁባት። ፋሲካ መጣ። በግ አረድሁ። አልቀመሰችም። ያኔ ደነገጥሁ።

ሆስፒታል ወሰድኋት። ባዮፕሲ የሚሉት፣ ከጨጓራዋ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ተመረመረ። የጨጓራ ካንሰር ነው ተባለ። ዶክተሯ የደሟን ውጤት ይዛ አስጠራችኝ። ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ የሚባለው ከፍ ብሏል፤ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ወርዷል።

«አባቴ፣ የሚያሳስበኝ ዕጢው ብቻ አይደለም» አለችኝ። «በሰውነቷ ውስጥ ብግነት አለ፤ ሥጋዋን እያቀለጠው ነው። ክብደቷ እንዲህ ከወረደ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት አትችለውም። ለመሆኑ ስንት ኪሎ ቀነሰች?»

ስንት ኪሎ። እኔን ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ በየአርቡ ባስኩላው ላይ አቆማት ጀመር። ገበያተኛው ሲስቅ እሷም ትስቃለች። «አንቱ፣ ከባቄላው ጆንያ በስንት አነስሁ?» ትለኛለች። ዶክተሯ እንቁላልና ወተት ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትውሰድ ብላ ነበር። የሰኔ ጾም ሲገባ ግን እናትነሽ አፏን ዘጋች። ለመንኋት። ተቆጣኋት። እንቢ አለች። በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን ይዤ መጣሁ። ቄሱ የወተቱን ኩባያ በእጃቸው አንሥተው «ልጄ፣ አንቺ ይህን ጠጪ፤ ያንቺን ጾም እኔ እጾምልሻለሁ» አሏት። አለቀሰች። ጠጣች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ክብደቷ መውረዱን አቁሞ ቀስ እያለ ይመለስ ጀመር፣ ሲአርፒውም ዝቅ አለ፣ ኬሞውንም አራት ጊዜ ወሰደች፤ ገብሱ ሲያሽት እስከ ማሳው ድረስ በእግሯ ሄዳ እሸት ይዛልኝ መጣች፤ እኔም አራት ኪሎ ጨመረች እያልሁ ለገበያው ሁሉ አወራሁ።

አውድማ ላይ ሳለን ነገሩ ዞረ። ሲአርፒው ወጣ። ኪሎው ወረደ። ስንት ቀን ቀራት ብዬ ጠየቅሁ። «ቁጥሩ መንገዱን እንጂ ቀኑን አይነግረንም» አለችኝ ዶክተሯ። በጥር ተለየችኝ።

ዶክተሯን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጾሟን የተሸከሙላትን ቄስ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተም ስሙኝ፤ ጾም ያከሳል፣ በፍስኩ የማይመለስ ክሳት ግን ጾም አይደለም። ሰው በድንገት ሲከሳባችሁ መዝኑት፣ ጽፋችሁ ያዙት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ዘግይቼም ቢሆን እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ሆስፒታል ከዋልንበት በቀር አንድም አርብ ሳልዘል መዘንኋት። የደሟ ውጤት የሚጻፍበትን የሐኪም ወረቀት ማንበብ ራሴን አስተማርሁ። ወተቱን እንድትጠጣ አደረግሁ። ከእሷ በኋላ ፋሲካ አልፎ ያላገገሙ ሁለት ጎረቤቶቼን መዝኜ ወደ ሕክምና ሰድጃለሁ። በእናትነሽ የመጨረሻ አርብ መቆም ስላቃታት ከአልጋዋ አቅፌ አነሣኋት። እጄ ኪሎውን ነገረኝ። «ስንት ነኝ?» አለችኝ። ካለፈው አርብ ጨምረሻል አልኋት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ያን ቀን ብቻ፣ ሚዛን ዋሸሁ።