ላልሞተች እናት መርዶ

ዶሃ፣ ኡም ጉዋይሊና ሰፈር ውስጥ ፈውዚያን የማያውቅ አበሻ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሉሰይል አንድ ሞል ውስጥ ወለል ትወለውላለች፤ ጁምዓ ሲሆን ግን የሰው ጣጣ ተሸክማ ስትዞር ትውላለች። ከማዳሟ ጋር ተጣልታ የወጣች ልጅ ካለች ማደሪያ የምትፈልግላት እሷ ናት። ሆስፒታል የተኛ ካለ ሾርባ ይዛ የምትሄደው እሷ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ መሃል ገብታ ሁለቱንም የምትሰድበው እሷ። በአገር ልጆች መረዳጃ ማኅበር ውስጥ «የቤተሰብ ጉዳይ» ማለት ፈውዚያ ማለት ነው። አፏ ግን ለከት የለውም። ደግ ናት ብሎ የተጠጋት ሁሉ አንድ ቀን ሳይሰደብ አይቀርም፤ ተሰድቦም ተመልሶ ይመጣል፣ ወዴት ይሄዳል?

ያን ጁምዓ ግን ንዴቷ ሌላ ነበር።

ነገሩ የሰዕዲያ ነው። ሰዕዲያ አል ሰድ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ የማዳምን እናት ታስታምማለች፤ ቤቱ ሁሉ «ማማ ከቢራ»፣ ትልቋ እናት፣ የሚላትን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አሮጊት። ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ስታለቅስ ታባብላታለች። የራሷ እናት አሚና ደግሞ ኮምቦልቻ አልጋ ላይ ወድቃለች። ጉበት ነው፤ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቷ መልሰዋታል። ሰዕዲያ ይህን አታውቅም። ወንድሟ ዩኑስ ለመረዳጃው ደውሎ ተናገረና «አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ» አለ። ስትደውል አንድ ቀን «እማ ተኝታለች» ትባላለች፣ ሌላ ቀን «ሰርግ ሄዳለች»፣ ሌላ ቀን «ስልኩ ተበላሽቷል»። የእናትየዋ ድምፅ ሰልሏል፤ አንዲት ቃል ከሰማች ልጅቷ ታውቃለችና።

ፈውዚያ ይህን ጨዋታ አሳምራ ታውቀዋለች። አባቷ ሲሞት እሷም እዚሁ ዶሃ የሰው ቤት ነበረች። «አባባ ደህና ነው፣ ይመርቅሻል» እያሏት ለዒድ የሚለብሰውን ጀለቢያ መርጣ ላከችለት። ሰውየው ግን አፈር ከለበሰ ከርሟል። ጀለቢያውን ማን እንደለበሰው የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀች፣ ብትጠይቅ ሰው ትገድላለች።

የመረዳጃው ሊቀመንበር ሙሀሲን ሾፌር ነው፤ ረጋ ያለ ሰው፣ እርጋታው ራሱ የሚያናድዳት። ያን ጁምዓ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣

«ፈውዚያ፣ የሰዕዲያ እናት ዛሬ ነገ የምትባል ሆናለች» አላት። «መዘጋጀት አለብን። ያለፈች ጊዜ እንደለመድነው ‹ዱዓ አለ› ብለን ልጅቷን እንጠራታለን፣ ሰው ይሰበሰባል። መርዶውን አንቺ ትነግሪያታለሽ፤ አንቺን ትወድሻለች።»

መርዶ አገር ቤት ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ዶሃ ላይ ግን የእረፍት ቀን ይጠበቅለታል። ልጅቷ «ዱዓ አለ» ስትባል አምራ፣ ሽቶ ተቀብታ ትመጣለች። በሩ ላይ ያለወትሮው የተኮለኮለውን ጫማ ስታይ ይገባታል። ከዚያ ወዲያ የሚወድቅ ሰው መያዝ ነው፤ ፈውዚያ ስንቷን ይዛለች!

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እናትየዋ ሞታለች እንዴ?»

«አልሞተችም፣ ግን...»

«ታዲያ በቁሟ ልትቀብሯት ነው? እናንተ ሰዎች አላህን አትፈሩም?»

«ባህላችን ነው እኮ» አለ ሙሀሲን። «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት። እዚያ ቤት ውስጥ ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ወንድሟም አደራ ብሏል።»

«አደራውን ይብላው! የሞተ መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል። በሕይወት ያለ ሰው መደበቅ ግን የየት አገር ባህል ነው? በኋላ ምን ብዬ ላጽናናት? ‹ትንፋሿ ሳይወጣ አውቀን ነበር፣ ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣንበት› ልበላት?»

«ተረጋጊ፣ ፈውዚያ።»

«አልረጋጋም! አንተ ተረጋጋ፣ ሥራህ ነው!»

ሻርፗን ጎትታ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ለብቻዋ ስታጉረመርም አጠገቧ የተቀመጠችው ፊሊፒናዊት ቦታ ቀየረች።

ሰዕዲያ ሙቀቱ በረድ ሲል ማማ ከቢራን ከቤቱ ጀርባ ወዳለው መናፈሻ ታወጣታለች። ፈውዚያ ስትደርስ የአሮጊቷን አገጭ በሶፍት እየጠረገች አገኘቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው ከኋላዋ ያለውን መንገድ ቃኘች።

«እትዬ፣ ብቻሽን ነሽ?»

መርዶ በአንድ ሰው አይመጣም፤ ሁሉም ያውቃል።

«ብቻዬን ነኝ። ስሚኝ፣ አልሞተችም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እናትሽ አልሞተችም። ግን ታማለች፣ በጣም ታማለች። ሐኪም መልሷታል። ደብቀውሽ ነው። ደውይ፣ አሁኑኑ!»

ሰዕዲያ ፊቷ አመድ መሰለ። የወንበሩን ፍሬን ያዘችና ስልኳን አወጣች፤ ጣቷ እምቢ ቢላት ፈውዚያ ደወለችላት። ዩኑስ በቪዲዮ ብቅ አለ።

«ሰዕዲያዬ፣ እማ አሁን ሶላት ላይ ናት፣ ቆየት ብለሽ...»

ፈውዚያ ስልኩን መንትፋ ወሰደች።

«ዩኑስ! ፈውዚያ ነኝ። ነግሬያታለሁ። ኸላስ፣ ውሸቱ አለቀ። ስልኩን ይዘህ ወደ እናትህ ግባ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አገባሽ? ልጅቷን ልትገድያት ነው? እማም ብትሆን ትደነግጣለች፣ አቅም የላትም!»

«ያላ፣ ግባ ብያለሁ! ካልገባህ ወላሂ፣ እናትን ከልጇ ያቆራረጠ ብዬ ኮምቦልቻን በሙሉ አስወራብሃለሁ!»

ዩኑስ ሰደባት። እሷም አላነሰችም። በመጨረሻ የበር መከፈት ተሰማ፣ ትራስ ላይም ያነሰች ፊት ታየች፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ፈውዚያ ስልኩን ለልጅቷ መለሰችላት።

«እማ... እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሰዕዲያ ነኝ።»

አሚና አየቻት። ወደ ዩኑስ ዞረች፣ እንደገና ወደ ስልኩ። ከዚያ የከሳ እጇን ዘርግታ የልጇን ፊት በስልኩ መስታወት ላይ ዳበሰችው።

«አለሽ እንዴ?» አለች ከጉሮሮዋ ፈልቅቃ። «ልጄ፣ በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ እማ! ምን ልሆን?»

«ዛሬ ኔትወርክ የለም፣ ነገ ሥራ በዝቶባታል ሲሉኝ... እኛ ሰው ሲሞት አይደል እንዲህ የምንለው? እኔስ ስንቱን እንዲህ ብዬ ደብቄያለሁ። ገባኝና ዝም አልኩ። እንደ ሙት ፋቲሃ ስቀራልሽ ነው የከረምኩት።»

ዩኑስ ስልኩን በያዘበት እጅ ዓይኑን ጠረገ፤ ምስሉ አንዴ ጣሪያው ላይ፣ አንዴ ግድግዳው ላይ ዋለለ።

«ቀጥ አድርገህ ያዘው!» ብላ ጮኸችበት ፈውዚያ፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ። «ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ልጇን ትያት!»