ባዶውን የማይመለስ ምሳ ዕቃ

በኮሮናው ጊዜ ባለቤቴ ሆስፒታል ገባ። ሳንባው ቀድሞም ደካማ ነበር። በር ላይ ጠባቂው ፎጣውንና ነጠላ ጫማውን ከእጄ ተቀብሎ፣ «ከዚህ በኋላ ጠያቂ አይገባም፣ አዴ» አለኝ። አዴ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። ጠባቂው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ካለው ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ የመጣ ሰው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። ባለቤቴ ዞር ብሎ አላየኝም። የኦክስጅኑ ቱቦ እንዳይነቀልበት እየተጠነቀቀ ነበር።

ምስል የማያሳይ ተራ ስልክ ነበረው። ግን ዕድሜውን በባቡር ጥገና ክፍል ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ጆሮው አይሰማም። ከንፈሬን ካላየ እኔም ግድግዳውም ለእሱ አንድ ነን። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር የምትነጋገረው ልጃችን ሆነች። በረንዳ ወጥታ ታወራለች፤ ተመልሳ «ዛሬ ይሻለዋል» ትለኛለች። ሁልጊዜ ይሻለዋል። እንደ እሷ አነጋገር ቢሆን ከገባበት ቀን ይልቅ ወጣት ሆኖ መውጣት ነበረበት።

በልጄ አልፈርድም። በእኛ ዘንድ ለበሽተኛና ለአሮጊት እውነት አይነገርም። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የሚሞት ከሆነ ሳይሞት ልሰናበተው።

ምግብ ማስገባት ይፈቀዳል። ሾርባ በምሳ ዕቃ እወስዳለሁ፤ ጠባቂው ያንን ያስገባና የትናንቱን በረኪና ረጭቶ ይመልስልኛል። መጀመሪያ የተመለሰልኝን ስከፍተው ግማሽ ዳቦ በሶፍት ተጠቅልሎ አገኘሁ። የሆስፒታሉ ዳቦ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? አልበላ አለ እንዴ?» አልኩት ጠባቂውን።

«እኔ ምን አውቄ፣ አዴ? ሰው ሁሉ ምግብ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ያንቺ ሰውዬ ወደ ውጭ ይልካል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ አይቼ አላውቅም።»

እኔ ግን ገባኝ። በእኛ ሰፈር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ በረመዳን ሳምቡሳ ስትልክልኝ፣ ሳህኗ የሆነ ነገር ሳይዝ ተመልሶ አያውቅም። ባለቤቴ ደግሞ በዚህ ነገር ከእኔ ይብሳል። ቤት ውስጥ ምንም ከጠፋ አንዲት ሎሚም ብትሆን ፈልጎ ይጨምርበታል።

ከዚያ ወዲያ በየጊዜው የሆነ ነገር ይመጣልኝ ነበር። ግማሽ ሙዝ። ስኳር። አንድ ቀን ያልተከፈተ ማስክ። ሁሉም በሶፍት የተጠቀለለ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። በረኪና የተረጨ ዳቦ አይበላም። እኔ የማየው ጥቅልሉን ነበር። ጫፉ ከታጠፈ እጁ ይሠራል፣ ልቡም እቤቱ ነው ማለት ነው።

እየቆየ ጥቅልሉ ላላ። ጫፉም መታጠፉ ቀረ። አንድ ጠዋት ልጄ፣ «እማዬ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ እመላለሳለሁ» አለችኝ። የድሬዳዋ ፀሐይ ያን ዕለት የጀመረ ይመስል።

ሄዳ ምሳ ዕቃውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከፈትኩት። ትልቅ ብርቱካን ነው። ሶፍት የለም። ቅጠሉ ከነቀንበጡ አለ፤ ገና አልጠወለገም።

«አባዬ ነው የላከልሽ» አለች።

«ዛፍ ላይ ነው እንዴ ያስተኙት?»

የምሳ ዕቃውን ክዳን አንስታ መወልወል ጀመረች።

«ለሐኪሙ ደውይ። አንዲት ነርስ አጠገቡ ትቁምና እኔ የምለውን በጆሮው ትንገርልኝ።»

«እማዬ፣ አሁን ደክሞት ይሆናል፣ ነገ…»

«አሁን።»

ልጄ ደወለች፤ ስልኩን ይዛ አጠገቡ የቆመችው ነርስ ጥሩ ልጅ ነበረች። እኔ ያልኩትን ሁሉ እየጮኸች ትደግምለታለች፤ ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። እንዲህ ሆኖ ብዙ ነገር አይወራም።

«ውኃ መጥቶ በርሜሉን ሞልቻለሁ በይልኝ።»

«ውኃ መጥቷል! በርሜሉ ሞልቷል!»

«ብርቱካኑን የላክኸው አንተ ነህ ወይ በይልኝ።»

ጠየቀችው። ጥቂት ቆይታ፣ «‹የምን ብርቱካን?› ነው የሚሉት» አለች። ልጄ ፊቷን አዞረች። ነርሷ ቀጠለች፤ «ምሳ ዕቃውን ባዶውን ሰደድኩባት፣ የምጨምርበት አጣሁ ይላሉ። ጠዋት ሙሉ ሲጨነቁበት ነበር።»

ልጄ ማልቀስ ጀመረች።

«ስልኩን አታወዛውዢው» አልኳት። ከዚያ ለነርሷ፣ «እንዲህ በይልኝ» አልኩ። «እኔ ሚስትህ ነኝ፣ ጎረቤት አይደለሁም። የላክኸው ሁሉ ደርሶኛል። ከእንግዲህ ባዶውን ላከው። አልቀየምህም።»

ነርሷ አንድ ቃል ሳታስቀር ደገመችው። የመጨረሻውን ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው። እንዴት እንደሰማት አላውቅም።

«ምን አለ?»

«እሺ አሉ።»

«እሺ» አልኩ እኔም።

ስልኩ ሲዘጋ ልጄ ሐኪሙ የነገራትን ሁሉ ነገረችኝ። ብዙም የሚያስገርም ነገር አልነበረበትም። በማግስቱ ምሳ ዕቃውን ባዶውን አመጣችልኝ፤ ምንም አልጨመረችበትም። ታጥቦ ነበር። ሾርባውን ሌላ በሽተኛ ጠጥቶት ይሆናል።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ሲመጡ አጥር የምንጋራት ሴት ከፊት ነበረች፤ ከየት እንደምትጀምር ጠፍቷት በሩ ላይ ቆመች። እኔ ለብሼ ወንበሮቹን ደርድሬ ጨርሻለሁ።

«ግቡ» አልኳቸው።

በሐዘኑ ጊዜ ምግብ ያመላለሰችልኝ እሷው ናት። ነገሩ ሲያልፍ የመጨረሻውን ሳህኗን አጥቤ፣ መደርደሪያው ላይ የቆየውን ብርቱካን ጨምሬበት ወሰድኩላት። ቆዳው ደርቆ፣ ቅጠሉ ረግፎ ነበር።

አገላብጣ አየችው። «አቦ! ይሄን ከጥንቱ የሐርላ ከተማ ፍርስራሽ ነው ቆፍረሽ ያመጣሽው?»

«ልጄ ናት የገዛችው» አልኳት።

ሳህኑን ይዛ ገባች።