ጎድን ጥብስ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር

ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ የሄድነው በነሐሴ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው። አራት ነበርን፦ ጎረቤቴ አቦነሽ፣ ልጇ ኤልያስ፣ የኤልያስ ልጅ ሐናና እኔ። ኤልያስ ሬድመንድ ከተማ ነው የሚሠራው። በዚያ ዓመት ከሥራ ባልደረባው ላይ ያገለገለ ትሬለር ገዝቶ ነበር፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው።

ለሰው የተነገረው የጉዞው ምክንያት መዝናናት ነበር። እውነተኛው ግን አቦነሽን ሥጋ ማስበላት ነው። ባሏ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ተዝካሩ ወጥቷል፤ እሷ ግን ከሉን አላወለቀችም፣ ሥጋም በአፏ አልዞረም። ሽሮና ጎመን ብቻ፣ እሱንም በግድ። ሐኪሙ ደሟ አንሷል ብሎ ክኒን አዘዘላት፤ ክኒኑ ሆዷን ሲያማት ተወችው። የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ መክረዋታል። አንገቷን ደፍታ "እሺ አባቴ" ትልና ቤቷ ስትገባ ያው ነች። ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር የምንኖረው አጥር ለአጥር ስለሆነ፣ ልብሷ በየጊዜው እየሰፋባት ሲሄድ አይ ነበር።

ኤልያስ አንድ ቀን ደወለልኝ።

"እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ካልሄዱ እማዬ አትሄድም። ሜዳ ላይ ሲጠበስ ቢሸታት እምቢ የምትል ይመስልዎታል?"

"እምቢ ማለት ታውቅበታለች" አልኩት።

"ሶ፣ ታዲያ ይመጣሉ?"

"እመጣለሁ።"

ጠዋት፣ ስካይዌይ

ኤልያስ ዕቃ የሚጭነው በሥርዓት ነው። ግሪሉ እግሩ የሚታጠፍ፣ ተዘግቶ ሲያዩት ሻንጣ የሚመስል የጋዝ መጥበሻ ነው። በፕላስቲክ ሣጥን ከትቶ ከፒክአፑ ኋላ አስቀመጠው። የጋዙን ጠርሙስ ፈትቶ ለብቻው፣ ቀጥ አድርጎ አሰረው።

"ቤቱ ውስጥ ስንት ቦታ እያለ ለምን ውጭ ታስረዋለህ?" አለችው እናቱ።

"ጋዝ ነው እማዬ። ሰው የሚተኛበት አይገባም።"

"እንግዲያው እዚሁ ቢቀርስ?"

ኤልያስ ማሰሪያውን አጠበቀና ወደ ሥጋው ሄደ። የበጉን ጎድን ከአበሻ ሥጋ ቤት፣ ፓውንዱን በዘጠኝ ዶላር ገዝቶ፣ ማታውን በአዋዜና በቀለጠ ቅቤ ዘፍዝፎት አድሯል። በረዶ በሞላ ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጠው ቅቤው ከላስቲክ ከረጢቱ ጥግ ረግቶ አየሁት።

"አልበዛም?" አልኩት ድምፄን ቀንሼ።

"ይብዛ እትዬ። የሚጠራት እሱ ነው።"

እኔ የማውቀው የወጥ ቤት ምድጃ ነው። ስለ ግሪል ስለማላውቅ ለእሱ ተውኩለት።

መንገዱ

በሬንተን አልፈን ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን አውራ ጎዳና ያዝን። ትሬለር የሚጎትት መኪና እንደልቡ አይሮጥም። ተራራው ላይ ከከባድ መኪኖቹ ጋር ቀኙን ይዘን ቀስ እያልን ወጣን። እስከ ስኖኳልሚ ማለፊያ አናት ድረስ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ጫካ ነው፤ ደመናውም ዝቅ ብሏል። ወዲያ ማዶ ስንወርድ ሰማዩ ተከፈተ። ዛፉ እየሳሳ ሄዶ አለቀና ምድሩ ሁሉ የደረቀ ሣር ሆነ። የምንኖርበት ስቴት መሆኑን ለማመን ያስቸግራል።

ኤለንስበርግ ከመድረሳችን በፊት መንገድ ዳር ኮክ የሚሸጡ ሰዎች አየንና ቆምን። አንዲት ሴትዮ ቆርጣ አስቀመሰችን፤ ውኃው እስከ ክርን ይወርዳል። አንድ ከረጢት ገዛን። አቦነሽ ግማሹን በልታ ግማሹን ለሐና ሰጠች።

"አያቴ፣ ዩ ኒድ ፕሮቲን" አለች ሐና አፏ እንደሞላ።

"ምን አለች?" አቦነሽ ወደ ልጇ ዞረች።

"ኮኩን ጨርሺው ነው ያለችሽ።"

"ውሸታም። ፕሮቲን ማለትን ከሐኪሙ ተምሬዋለሁ" አለችና በመስኮት ማየቷን ቀጠለች። ሁላችንም ምን እንደምንሻ ያወቀችው ከዚያ በፊት ሳይሆን አይቀርም።

ወንዙ ዳር

ከቀትር በኋላ ደረስን። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ከግራና ከቀኝ እንደ ደረጃ የተደራረበ ጥቁር ገደል ቆሞበታል። ለመስፈሪያው ቦታ ለአንድ ሌሊት ሠላሳ ዶላር ገደማ ከፈልን። በሩ ላይ የነበረችው ጠባቂ፣ አገሩ ስለደረቀ እንጨትና ከሰል ማንደድ ክልክል መሆኑን ነገረችን። መዝጊያ ያለው የጋዝ ግሪል ግን ይፈቀዳል። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከሚስቱ ጋር ሰፍሯል። እጁን አንሥቶ ሰላም አለንና የእኛን ግሪል ከላይ እስከ ታች አየው።

ያልጠበቅነው ነፋሱን ነው። ከገደሉ መሐል እየተንደረደረ ይመጣል። ኤልያስ እሳቱን ባቀጣጠለ ቁጥር ያጠፋበታል። ቢቸግረው ግሪሉን አንሥቶ ከትሬለሩ ጎን አስጠጋው፤ ከላይ የሸራው ጥላ ተዘርግቷል። እሳቱ ያዘለት። ደስ ብሎት ጎድኑን ደረደረ፤ በላስቲኩ የቀረውንም ቅቤ ከላይ አፈሰሰበት።

ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ወጣ። ኤልያስ ወደ ኋላ ዘለለ። የሸራው ጠርዝ መጨስ ጀመረ። በዙሪያችን ያለው ሣር ክብሪት ነው። ሽማግሌው ፈረንጅ ባልዲ ውኃ ይዞ እየሮጠ መጣ።

አቦነሽ ጀርባዋን ሰጥታን ወንዙን እያየች ነበር የተቀመጠችው። እንዴት እንደደረሰች አላየሁም።

"ውኃ እንዳታስነኩት!" አለች በአማርኛ። ሰውየው ቃሉን ባያውቅም እጇን አይቶ ቆመ። ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ወንበሩ ላይ ወረወረች፤ ጎንበስ ብላ ጋዙን ዘጋች፤ ረጅሙን መቆንጠጫ ይዛ ክዳኑን ደፋችበት። ነበልባሉ በጎን በጎን ትንሽ ታገለና ጠፋ። ከሸራው የተጎዳው አንድ ጥግ ብቻ ነው።

"አባትህ እሳት ላይ ቅቤ ሲያፈስ አይተህ ታውቃለህ?" አለችው ልጇን።

"አላውቅም።"

"ታዲያ ከማን ተማርከው?"

"ከኢንተርኔት።"

"ኢንተርኔቱ ይምጣና ያጥፋልህ!"

ሽማግሌው ምን እንደተባባሉ ሳይገባው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእሷ ሆነ። ግሪሉ ሲበርድ ከሸራው አርቃ ባዶ መሬት ላይ አስተከለችው፤ ሁለቱን የዕቃ ሣጥኖች ለነፋሱ መከለያ አደረገች። ከየጎድኑ ላይ ቅቤውን በወረቀት ጠረገች። እሳቱን በአንድ በኩል ብቻ አስለኩሳ ሥጋውን በሌላው በኩል ደረደረችና ከደነችው። "ቅቤ የሚጨመረው ሥጋው ከበሰለ በኋላ ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሽታው መለወጥ ሲጀምር ከፈተችው። ከአንዱ ጫፍ ቆርጣ ቀመሰች።

"ጨው ያንሰዋል።"

ጨመረችና እንደገና ቀመሰች። ኤልያስ ሊናገር አፉን ሲከፍት ራሴን ነቀነቅሁበት፤ ዘጋው። ሐናን ግን ያሰበ አልነበረም።

"ዳድ! አያቴ ኢዝ ኢቲንግ ሥጋ!"

አቦነሽ እጇ ባለበት ቀረ። "ጨው በዓይን አይታይ" አለች። መቆንጠጫውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ኤልያስ ፊቱን አዞረ። ነገሩ ያበቃለት መሰለኝ።

ሥጋው በስሎ ኤልያስ በየወረቀት ሳህኑ ማደል ሲጀምር የእኔን መለስኩለት። ትሪ አንሥቼ እንጀራ ዘረጋሁ፤ ጎድኑን መሐሉ ላይ አድርጌ በእሷና በእኔ ወንበር መካከል አስቀመጥሁ። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

"ብዪ እንጂ፣ ይበርዳል" አለች።

"ብቻዬን?"

"ልጆቹ አሉ።"

"ልጆቹ በየሳህናቸው ናቸው።"

ወንዙን እያየች ሳትጠየቅ ተናገረች።

"አልጋ ላይ ሆኖ ጥብስ አማረኝ አለኝ። ደጋግሞ ነው ያለኝ። ሐኪሙ ጨውና ቅባት ከልክሎት ነበር፤ እኔም ከለከልኩት። ብዙም አልቆየ፣ ሄደ። አንዲት ጉርሻ ባጎርሰው ምን ይሆን ነበር አስካለ?"

"የከለከልሽው እንዲቆይልሽ ነው።"

"አልቆየማ።"

"አልቆየም" አልኩ።

ሥጋው እየቀዘቀዘ ሄደ። በእኛ አስተዳደግ ትሪ ቀርቦ አንዱ ሲበላ ሌላው አይመለከትም። እርቦኝም ነበር፤ እጄን ግን አልሰደድኩም።

"አንቺ ሴትዮ፣ አትበዪም?"

"የምበላው ካንቺ ጋር ነው።"

"ግትር ነሽ።"

"ካንቺ ሳልማር አልቀረሁም።"

ነጠላዋን ወደ ኋላ መለሰች። እንጀራ ቆረሰች፣ ከጎድኑ ሥጋ ቦጨቅ አድርጋ ጠቀለለች፣ ጎረሰች። ለረጅም ጊዜ አኘከች። እኔም ጀመርኩ። ከዚያ አጥንት አነሣች። ኤልያስ አንድም ጊዜ ያልተነካ ድስት ወስዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቧንቧው ጋ ሲያጥብ አየሁት።

መመለስ

እሑድ ጠዋት ግሪሉ ቀዝቅዞ ስለነበር ኤልያስ ስቡን ፍቆ አስለቀቀ፤ ከዚያ እንደ አመጣጡ በሣጥኑ ከተተው። መንገዱ ላይ አቦነሽ ብዙውን ተኛች። ስካይዌይ ስንደርስ ካፊያ ነበር። ሻንጣዬን በር ድረስ ያመጣልኝ ኤልያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ምን ብለዋት ነው?" አለኝ።

"ምንም አላልኳትም።"

አላመነኝም።

በትሬለር ለሚጓዙ አንባቢዎች የምለው ይኸው ነው፦ ጋዙን ሰው የሚተኛበት አታስገቡት፤ ነፋስ ሲመጣ ወደ ሸራ አትሽሹ፤ ቅቤውን እሳት ላይ አታፍስሱ። ሐዘንተኛ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ "ብዪ፣ ብዪ" አትበሏት። አንድ ትሪ አቅርባችሁ ጠብቋት። አጥብቃ እምቢ ብትልም ቢያንስ ብቻዋን አይደለችም።

በሬን ልዘጋ ስል አቦነሽ በአጥሩ ላይ ልጇን ስትጠራ ሰማሁ።

"ኤልያስ! በሚመጣው ቅዳሜ ሐናን ይዘህ ና። ሥጋ ግን እንዳትገዛ፤ ስቡን እየመረጡ ነው ለካ የሚሸጡልህ። እኔው ራሴ ሄጄ አስቆርጣለሁ።"