የሀብትነሽ ሕመም የተቀመጠበት ቦታ

የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚጽፍ መሣሪያ የያዙ ሐኪም ለአንድ ሳምንት ቢቸና ጤና ጣቢያ መጥተዋል ሲባል፣ ሀብትነሽ ሞጣ ላይ የጀመረችውን ፈትል ጥላ ተነሣች። ዘመኑ 1964 ዓ.ም. ነው። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ደብረ ወርቅ ያሉት አማቷ የሦስት ዓመት ልጇን ፈንታዬን ወስደው፣ «ዛሩ ወደ ልጅቱ ይዘላል» ብለው ከከለከሏት ሰባት ወር ሆኗል።

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ፣ ትልቅ ሰው ፊት በደረቅ ራስ አይቀረብም ብለው ግማሽ ቀን ሙሉ ሹሩባ ሠሯት፤ አናቷ ላይም ለጋ ቅቤ ደፉላት። ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዘው ሲደርሱ ሐኪሙ ለመሄድ የቀራቸው ግማሽ ቀን ነበር።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ገብረ ሕይወት ሽቦ የተቀጠለባቸውን ትንንሽ የብር ቁራጮች ራሷ ላይ ሊለጥፍ ቢሞክር፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው እየተንሸራተተ ጆሮዋ ላይ ወረደ። የመሣሪያው ስምንት ብዕሮች ወረቀቱን እንደ ዶሮ ጫሩት። ሐኪሙ በዚህ ሁሉ ቅቤ ውስጥ ምንም ሊነበብ እንደማይችል ተናገሩ።

እናቷ አፈሩ። ሀብትነሽ ግን ያኔውኑ ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች። የድሬሰሩ ሚስት ሙቅ ውኃና ሳሙና አመጣች። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የደፉትን ቅቤ ራሳቸው እየፈተጉ፣ «የሙሽራ ገላ እንኳ እንዲህ አልፈተግሁም» ይሉ ነበር። ሦስት ጊዜ ታጠበች።

አሁን ብዕሮቹ ረጋ ብለው መጻፍ ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ ድንገት ጎንበስ አሉ። ሦስተኛው ብዕር ወደ ታች ሲሾል አራተኛው ወደ ላይ ይሾላል፤ እንደሚዋጉ በጎች ደጋግመው ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ። ብዕሮች እንዲህ ሲገጥሙ ሕመሙ የሚነሣው ሁለቱ ከሚጋሩት ሽቦ ሥር ነውና፣ ሐኪሙ ያንን ሽቦ በጣታቸው ተከትለው ራሷ ላይ ደረሱ፤ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ።

«ሲጀምርሽ ግራ እጅሽን ይነዝርሻል?» አሏት።

ሀብትነሽ ከነሽቦዋ ብድግ አለች። «አውራ ጣቴን። ማን ነገረዎት?»

ሐኪሙ ወረቀቱን አሳዩዋት፤ ግራ እጅን የሚያዘው የቀኝ በኩል አንጎል መሆኑንም አስረዷት። እሷ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነበር።

«ወደ ልጄ ይዘላል?»

«አይዘልም። የሚነሣው ከዚህ ነው። የምሰጥሽን ክኒን ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ይበርድልሽ ይሆናል።»

ደጅ እንደወጡ እናቷ አላመኑም ነበርና የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቋት። ጣታቸውን ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችላቸው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። አማቴም እንዲሁ ይንኩት» አለችና፣ እርጥብ ጠጉሯን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ደብረ ወርቅ ለመሄድ በቅሎዋን መጫን ጀመረች።